ታቢታ መዝሙረ ዳዊት ያነበበች ዕለት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለቬርና፣ ሰላምታዬ ከኦሃዮ ተነሥቶ በጤና ያግኝሽ። ባለቤቴ ዴሪልም ልጆቹም ደህና ነን፣ ጌታ ይመስገን።

ልጆቹን ቤት የማስተምርበትን የመጪውን ዓመት መጽሐፍ መርጬ ጨረስኩ፤ ደስታዬን አትጠይቂኝ። እናቶች በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ያገለገሉ መጻሕፍት ስንለዋወጥ፣ ለታቢታ ታሪኩንም ሳይንሱንም እናት ጮክ ብላ የምታነብላትን ወሰድኩላት። ዴሪል ማታ እራት ላይ አገላብጦ አየና፣ «ልጅቷ እኮ አሥር ዓመቷ ነው፤ ራሷ የምታነበው የለም እንዴ?» አለኝ።

«አንተ ደግሞ፣ እራት ላይም ፈታኝ ልሁን ትላለህ» ብዬ አሳቅኩት።

እሑድ ዕለት ታቢታ ጉባኤው ፊት ቆማ መዝሙር 121ን አነበበች። ጠዋት ጠዋት አብረን በቃላችን የምንለው ነው። አንዲት ቃል ሳትስት ጨረሰች፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። አጠገቧ ቆሜ ስለነበር ሳይ፣ እጇ ላይ የተከፈተው መጽሐፈ ኢዮብ ነው። ቀስ ብዬ ዘጋሁላት።

«እማዬ፣ ለአባዬ ትነግሪዋለሽ?» አለችኝ ወደ ወንበራችን ስንመለስ።

«ጎበዝ እንደነበርሽ ነው የምነግረው» አልኳት።

ይልቅ አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማርሽ ነሽ፤ ልጆቼን ትምህርት ቤት አልልክም ያልኩ ጊዜ የተባባልነውን እርሺውና በሰኔ መጥተሽ ሰንብቺልኝ። ለትንሿ ለጁን ፊደል ታስቆጥሪልኛለሽ። ገና ሦስት ዓመቷ ነው፣ አውቃለሁ፤ ችኩል በይኝ። ታቢታም ለጨዋታ ያህል አብራት ትቀመጣለች።

መኝታሽን አንጥፌ የምጠብቅሽ፣

እህትሽ ሎይስ