ከተልባው ቆንጠር

ልጄ፣ የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

እኔ ግን ቤተ ሙከራው ውስጥ በምመግባቸው አይጦች ጉድ ሠርቻለሁ። ዶክተሩ የደማቸውን ስብ ሊያወዳድር፣ ለግማሾቹ ሞራ፣ ለግማሾቹ የተልባ ዘይት ያለበት መኖ እንድሰጥ አዞኝ ነበር። ሞራ የሚበሉት ፈዘው ሳያቸው አንጀቴ አልችል አለኝ፤ ከተልባው ቆንጠር እያደረግሁ አቀመስኳቸው።

ትናንት የደም ምርመራውን አይቶ፣ «ልዩነት የለም! የሦስት ወር ልፋቴ ገደል ገባ» ብሎ ራሱን ያዘ። ዛሬ ሳልደብቅ ነገርኩት። በጣም ተቆጣ፤ ከዚያ፣ «እማማ፣ እንደገና እንጀምራለን፤ እጅዎን ብቻ ይሰብስቡልኝ» አለኝ።

ጤናሽን ይጠብቅልኝ። አንቺም የምትበዪውን ሳትደብቂ ጻፊልኝ፤ እዚያ ድረስ ቆንጠር አድርጌ የማቀብልበት እጅ የለኝም።