ሳይጠየቁ «እሺ» ለሚሉት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ በሦስተኛው ፎቅ በቅሬታ ክፍል የምንገኝ ሠራተኞች፣ ከኮምፒውተሮቻችን በስተቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን። የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ስላደረጉልን ጽዳት በአካል መጥቼ እጅ መንሳት ሲገባኝ፣ የቢሮዎ በር ሁልጊዜ ዝግ በመሆኑ ምስጋናዬን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፩. ሠራተኛው በሥራ ሰዓት ካርታ ይጫወታል ተብሎ ጨዋታውን እንዲያጠፉ መታዘዝዎን ሰምተናል። ተራ ባለሙያ ቢሆን ጨዋታውን ብቻ አጥፍቶ ይሄድ ነበር። እርስዎ ግን ነገርን ከሥሩ መንቀል የሚወዱ ሰው ነዎትና፣ ኮምፒውተሩ ትዕዛዝ በሚቀበልበት ጥቁር መስኮት ላይ አንድ መስመር ጽፈው ጨዋታው የሚጠቀምበትን የድምፅ ፕሮግራም ከሁሉም ኮምፒውተር ላይ አስወገዱ። ጨዋታው ግን ያለ ድምፅም መሥራት ስለሚችል እስከ ዛሬ አለ። እንዲያውም ድምፅ ስለሌለው አለቃ ሳይሰማ ለመጫወት ተመችቷልና፣ ተጫዋቾቹ ምስጋናችንን አድርሺልን ብለውኛል።

፪. ኮምፒውተሩ አንድ ፕሮግራም ከማጥፋቱ በፊት፣ በእሱ ላይ ተደግፈው የቆሙትን ሁሉ ዘርዝሮ እነዚህም አብረው ይጥፉ ወይ ብሎ ይጠይቃል አሉ። እርስዎ ግን በጥያቄ ጊዜ እንዳይባክን፣ ከትዕዛዙ ጫፍ አስቀድሞ «እሺ» የሚል ምልክት የመጨመር ልማድ እንዳለዎት አንዲት የክፍልዎ ባልደረባ በኩራት ነግራናለች። በዚያች እሺ አርባ ሦስት ፕሮግራሞች ሄዱ፤ ከእነሱም አንዱ ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነብ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እርስዎ ግን አፍሰው ለመልቀም እንኳ አልተመለሱም።

፫. ጋሼ የምንላቸውን አንጋፋ ባልደረባችንን ምናልባት አያውቋቸው ይሆናል። ዓይናቸው አያይም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰዉን ቅሬታ በዚያ ፕሮግራም እየሰሙ ከሁላችንም ፈጥነው መልስ ሲሰጡ ኖረዋል። አሁን ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዝም ካለ ማሽን ፊት ይውላሉ። የራሴን ሥራ እየተውኩ አነብላቸዋለሁ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኜባቸዋለሁ። ነገሩ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

፬. ፕሮግራሙ ይመለስልን ብንል የላኩልን ቅጽ፣ በኮምፒውተር ብቻ፣ ያለ ሌላ ሰው እርዳታ፣ በተጠቃሚው በራሱ መሞላት አለበት ይላል። ቅጹን ለመሙላት ፕሮግራሙ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙን ለማግኘት ደግሞ ቅጹ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። መልሶ ለመጫን ግን እንደ ማጥፋቱ ሁሉ አንድ መስመር ይበቃል አሉ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ጋሼ ሥራ አቁመዋል የሚል ማስጠንቀቂያ በዚያው በማይናገረው ኮምፒውተራቸው ደረሳቸው። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ማዳመጫቸውን አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይሰናበቱ አይሰናበቱ ብሎ ይወስናል፤ እርስዎም የኮሚቴው አባል ነዎት።

ፈጣሪ የጣትዎን ፍጥነት ትንሽ እንዲያበርድልዎ ከልብ የምመኝ፣ ያችን አንድ መስመርም ከታላቅ ትሕትና ጋር የምጠብቅ፣

የሦስተኛው ፎቅ መዝገብ ያዥ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከማስጠንቀቂያው ሥር «አንብቤዋለሁ» ብለው እንዲፈርሙ ሲጠየቁ፣ ጋሼ «እኔ ራሴ ሳላነብ እሺ ብዬ አልፈርምም» ብለዋል። በዚህ መሥሪያ ቤት ሳያነቡ እሺ የማይሉ፣ እኔ የማውቃቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውንም አርብ ልታሰናብቷቸው ነው።