የቀድሞ የማትባል አማት

ለማከብርዎና ለምወድዎ አማቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እጅዎስ እንዴት ነው? ጀሶው ሲያሳክክዎ በሹራብ መርፌ ይጎረጉሩታል አሉ። በሞቴ ይተዉት! እኔ ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ፤ ቢያዩኝ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ነው የሚሉት።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትዎ ናት። አንብበው ሲጨርሱ ለእሷው ይመልሱላት፣ ቤት ውስጥ አይቆይ። ባለፈው በስልክ «እኔ ጋ ይምጡና ላስታምምዎ» ስልዎት ከጀርባዎ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ድንገት ጠፋ። ወዲያው የእርስዎም ድምፅ ተለወጠና «አንቺ እኮ የቀድሞ ምራቴ ነሽ፤ በምን ወግ ነው ቤትሽ የምገባው?» ብለው ዘጉብኝ። ልጅዎን ከፈታሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። የቀድሞ! ከእርስዎ አፍ! ቃሏ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብላ አልወጣ አለችኝ።

እኔን ደግሞ ያውቁኛል፤ ቃል ካናደደኝ ሰሌዳ ላይ ነው የማወጣው። ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ ሊማሩ ለሚመጡት ተማሪዎቼ በማግስቱ «ፎርመር» ብዬ በትልቁ ጻፍኩላቸው። የእኛው «የቀድሞ» ማለት ነው። ሹመት ይሁን ሥራ ይሁን ትዳር፣ ድሮ የነበረ አሁን ግን የቀረ ነገር ሲሆን ከስሙ ፊት ይቆማል፤ የቀድሞ ዳይሬክተር፣ የቀድሞ አድራሻ እንደምንለው። ያረጀ ማለት እንዳይመስላችሁ፣ ሽማግሌም ቢሆን ሥራው ላይ ያለ ሰው የቀድሞ አይባልም አልኳቸው።

ክፍላችን አንድ ልማድ አለው። አዲስ ቃል ሲመጣ እያንዳንዱ ተነስቶ ከራሱ ሕይወት ምሳሌ ይሰጣል፤ ሌላው «ይሁን» ወይም «አይሆንም» ብሎ ይፈርዳል። ራሰ በራው የባንክ ሠራተኛ «የቀድሞ ፀጉሬ» ብሎ በሳቅ ገደለን። ይሁን ተባለለት። ጡረታ የወጡት ሹፌር «የቀድሞ ሹፌር ነኝ» ሲሉ ግን ክፍሉ በሙሉ «አይሆንም!» ብሎ ጮኸባቸው። ትምህርት ሲያልቅ ሁላችንንም በየቤታችን የሚያደርሱን እሳቸው ናቸዋ!

ተራው የእኔ ሆነ። «የቀድሞ ባለቤቴ» ስል «ይሁን» አሉኝ፤ እኔም ደስ እያለኝ ይሁን አልኩ። ቀጥዬ «የቀድሞ አማቴ» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉ ይፈቅዳል፣ ክፍሉም «ይሁን» አለ። እኔ ግን ዳስተሩን አንስቼ አጠፋሁት። ምነው ቢሉኝ፣ ይቺ ሴት፣ ልጇ በር ላይ ቆሞ እያየ፣ ሻንጣዬን በገዛ እጇ ተሸክማ እስከ ታክሲ የሸኘችኝ ናት፤ «ሂጂ ልጄ፣ ወደ ኋላ እንዳታዪ» ያለችኝ ናት፤ እንዲህ ያደረገችልኝ እናት ሆና ነው፣ እናትነት ደግሞ የሚሻር ሹመት አይደለም አልኳቸው። ሹፌሩ ጠረጴዛውን መቱና «አይሆንም!» አሉ። የቀሩትም ተከተሏቸው። አዩ አይደል? በሙሉ ድምፅ ነው የተፈረደብዎ!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። «እጄ የተሰበረው ከደረጃ ወድቄ ነው» ብለውኛል። ለሐኪሙም እንዲሁ ሳይሉት አልቀሩም። እኔም እዚያ ቤት ሳለሁ ለሐኪም የነገርኩት ይህንኑ ነበር፤ እሱም አምኖ ጻፈ። አማቴ፣ ያ ቤት እኮ ደረጃ የለውም።

ቅዳሜ ልጅዎ ሥራ እንደወጣ ሹፌሩ መኪናቸውን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ያቆማሉ። እኔም ውስጥ እሆናለሁ። መነጽርዎንና የደም ግፊት መድኃኒትዎን እንዳይረሱ። ሻንጣዎን እንዳይነኩት፤ ተሸካሚዋ እኔ ነኝ፣ ተራዬ ነው። ክፍልዎን ፀሐይ የሚገባበት በኩል አድርጌዋለሁ፤ አልጋውም ዝቅ ያለ ነው።

ሰው ምን ይለኛል ካሉ ይበላ! መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፣ አፍ እንደሆነ አላጣሁም። ልጄን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ ካሉኝ ግን አልቆጣዎትም። ልጅዎ ነው፤ እሱም የቀድሞ አይባልም። ነገር ግን ሰው ከሩቅም ይወደዳል። እኔ እርስዎን ይኸው ሦስት ዓመት ከሩቅ ስወድ ኖሬያለሁ፣ ያስችላል።

እጅዎን ይጠግንልዎ፣ እንቅልፍዎን የሰላም ያድርግልዎ፣ ዕድሜዎን ከእኔ ጋር ያርዝመው። ቅዳሜ ከበሩ ሲወጡ ወደ ኋላ እንዳያዩ።

ምራትዎ