ምድጃ ያልካት መኪና

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ። ብዕሩን የያዘችው እህታችን ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው፣ ከራሷ እንዳትጨምር አስጠንቅቄያታለሁ። ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ እኛ ደህና ነን።

«ምድጃ ናት፤ ስመጣ ካልበረደች እንሸጣታለን» ያልካት ባለሁለት ወንበሯ አሮጌ መኪናችን በርዳለች። አትሸጥም።

መጀመሪያ በጭስ ማውጫው ማርሚታና በወለሉ መካከል ቆርቆሮ አስገባሁ። ነድቼ ስመለስ «አለቀ፣ እግሬ ምንም ሙቀት አልተሰማውም» አልኩ። እህትህ ከጎኔ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ የጫማህ ሶል እየቀለጠ እኮ ነው» አለችኝ። ጫማው አሮጌ ስለሆነ ነው። አውራ ጣቴ ትንሽ ቆስላለች፣ ግን አላመመችኝም። ምን ታዪኛለሽ፣ ጻፊ።

ከዚያ ወዲያ እግሬን ምስክር አልጠራሁም፤ ከፔዳሎቹ ጎን ያልበራ ሻማ አቁሜ ነዳሁ። ሻማው ጎበጠ። ምንጣፉን ገልጬ ብፈትሽ፣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ የጎማ ማሸጊያው ተበልቶ፣ የሞተሩ ትኩስ አየር በዚያ ይገባል። አዲስ ጎማ በልኩ ቆርጬ ደፈንኩት።

ትናንት በቀትር ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርን። ሻማው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ተመለሰ። «ሽማግሌው አይችለውም» ሲሉ የነበሩት የሰፈራችን መካኒኮች አፋቸውን ያዙ። እህትህ ባዶ እግሯን ወለሉን ረግጣ «ከሳሎኔ ትቀዘቅዛለች» አለች።

ስትመጣ መሪውን አንተ ትይዛለህ። አዎ፣ ለማንም የማላስነካውን መሪ። እኔ ከጎን ተቀምጬ አዝሃለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ብቻ ቶሎ ና።

ደጅህም ጓዳህም ሰላም ይሁን።

በይ እህቴ፣ አሁን አንብቢልኝ። ስለ መሪው ያልኩትን ቀስ ብለሽ።