አረንጓዴው የቢሮህ ነው

ለታናሽ ወንድሜ፣

እናታችንን ይዤ እህታችን ቤት ሄጃለሁ። አልጋዋን ባዶ ስታገኘው እንዳትደነግጥ ብዬ ነው እንጂ ልጽፍልህም አላሰብኩም ነበር።

ምድር ቤቱን ስትሰጣት «ጎርፍ አያሰጋውም፣ ስልኩ ላይ በጎርፍ ስጋት መተግበሪያው አይቼዋለሁ፣ አረንጓዴ ነው» ብለህ የስክሪኑን ፎቶ ላክህልን። ልጠይቅህ አፌን ስከፍት «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ጸሎትህን ያዝ፣ ስልኩን ለእኛ ተው» ብለህ ሚስትህን አሳቅህብኝ።

ዛሬ ያንኑ መተግበሪያ ጫንኩና አልጋዋ አጠገብ ቆሜ «ያለሁበት ቦታ» የሚለውን ነካሁት።
ቀይ ሆነ።
የላክኸውን ፎቶ መልሼ ባየው ነጥቡ ያረፈው ኮረብታው ላይ፣ ቢሮህ ላይ ነው። እዚያ ተቀምጠህ ነክተኸው፣ የቤታችን ነው ብለህ አመጣህልን። የእናትህን መኝታ ለማየት ደረጃ መውረድ እንኳ ከበደህ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና አልዘነበም።

የቀሩ ልብሶቿን ወደ ላይ አውጣ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ከወለሉ አንሳ።
ትናንት እሷ ፊት አንተ ላይ መጮሄ ልክ አልነበረም፤ እሷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ልትወስዳት እንዳትመጣ። ፎቅ ላይ ያለውን መኝታ ቤታችሁን የለቀቃችሁላት ቀን ደውል። ከዚያ በፊት ስልኩን አላነሳም።

ታላቅህ