ክዳኑ ተዘግቶ የታየው ብርሃን

ዛሬ ሰኔ 14 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እኔ የሃምሳ ስድስት ዓመቱ የመሬት ቀያሽ፣ በሳሎኔ ተቀምጬ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ከነገ ወዲያ የልብ ቀዶ ሕክምና አለብኝ። የታመመው ልቤ እንጂ አእምሮዬ አይደለም፤ የሚጠራጠር ካለ አሁኑኑ ይጠይቀኝ። የምትጽፈው ጎረቤታችን፣ ጡረተኛዋ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቃሌን እንዳታሳምርብኝ አስጠንቅቄያታለሁ። ባለቤቴ፣ ልጄ፣ ሁለት ምስክሮችና በባለቤቴ ልመና የመጣው ታናሽ ወንድሜ ይሰማሉ።

ቤቱ ለባለቤቴ ነው። ለእኔ የሰማይ ፎቶ ሥራ ሲባል የጓሮውን መብራት አጥፍታ፣ አሥራ አንድ ዓመት ልብስ በዳበሳ ከገመድ ያወረደች እሷ ናት።

ቴሌስኮፑ፣ ካሜራውና ፎቶዎቹ ለልጄ ናቸው። የከተማው መብራት ሰማዩን እያነጣብኝ፣ በከዋክብት መካከል ያለ አንድ ደብዛዛ የጋዝ ደመና፣ ኔቡላ የሚሉትን፣ ከጓሮዬ ሆኜ አራት ዓመት አነሳሁት። አንዱ ፎቶ ለብቻው ምንም አያሳይም፤ በመቶ የሚቆጠሩት ሲደራረቡ ነው የሚታየው። ልጄ "አባዬ፣ ለሰርጌ ፎቶ እንኳ እንዲህ አልተለፋም" ትላለች። ትሳቅ፤ ሳታይ ግን አንዱንም አትሰርዝ።

ከጓሮው በስተምሥራቅ ያለው ቁራጭ መሬት ለወንድሜ ነው። ምክንያት አለኝ።

በፎቶዎቼ ሁሉ ቀኝ ጥግ ላይ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ይወጣ ነበር። አጥር የምንጋራው ወንድሜ በቤቱ የውጭ ደረጃ ላይ መብራት ነበረው። አጥፋ አልኩት፤ አጠፋ። ጭጋጉ ግን አለ። ተደብቀህ ታበራለህ ብዬ በሰው ፊት ውሸታም አልኩት። አምፖሉን ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠና ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ በጨለማ ከዚያ ደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ።

የሥራው ደንብ ግልጽ ነው፦ የካሜራውን ክዳን ዘግተህ ታነሳለህ፤ ካሜራው ራሱ የሚያመነጨውን ብርሃን ለይተህ ከፎቶው ትቀንሳለህ። የሰውን ስህተት በሚሊሜትር የምለካው እኔ፣ ጭጋጉ ከመታየቱ በፊት ለገዛሁት አዲስ ካሜራ ይህን ሳላደርግ በአሮጌው ልኬት ስሠራ ኖርኩ። በመጨረሻ ክዳኑን ዘግቼ አነሳሁ። ጭጋጉ እዚያው ጥግ ላይ ነበር። ይህን ካወቅሁ አሥራ አራት ወር ሆነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ወንድሜ ተነሳ። "ጋሼ፣ አሥራ አራት ወር? ሚስቴ በምርኩዝ ስትሄድ በመስኮት እያየሃት?"

"አዎ።"

ጸሐፊዋ ብዕሯን አቆመች። ይህም ይጻፍ አልኳት።

"መሬትህን እዚያው ታቀፈው!" አለኝ። የሚወጣ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። "እትዬ፣ ወራሽ ምስክር ሆኖ መፈረም ይችላል?"

"አይችልም።"

"እንግዲያው ውርሱ ይቅርብኝ። ይህን ሲናገር ሰምቻለሁ ብዬ እፈርማለሁ። እሱን አውቀዋለሁ፤ ከዳነ መልሶ አላልኩም ይላል።" ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ለሚስቴ ግን በአፍህ ትነግራታለህ። ዛሬውኑ። በወረቀት አይሆንም።"

እሺ ብያለሁ። ቁራጩ መሬት ከቤቱ ጋር ለባለቤቴ ይሁን። የተጻፈው ተነብቦልኛል፤ አንድ ቃል አላስለወጥኩም።

ተናዛዥ፦ ፈርሟል።
ጸሐፊ፦ ፈርማለች።
ምስክሮች፦ የመንገዱ ማዶ ፋርማሲስት፣ ፈርሟል። የተናዛዡ የቢሮ ባልደረባ፣ ፈርማለች።
ታናሽ ወንድሙ፦ "ሰምቻለሁ። ውጭ እየጠበቅሁት ነው" ብሎ በእጁ ጽፎ ፈርሟል።