ከዓርብ እስከ ሰኞ ያለው ክፍተት

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፣

የእህታችን የመቋጫ ስም ዛሬ ጠዋት በድርጅቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ርዕሱ «ከስድስት ወር በላይ ባልተቋረጠ የሕመም ፈቃድ ላይ ያሉ ሠራተኞች» ይላል። አራት ሰዎች አሉበት፤ እህታችን ሦስተኛ ናት። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

እንደምን ከርመሃል? መርከባችሁ ወደብ እስኪነካ ስልክህ ስለማይሠራ፣ ይህን በመርከብ ድርጅቱ አድራሻ እልክልሃለሁ። መርከቡ ላይ ሆነህ የተነሳኸው ፎቶ ደርሶናል። እኔ ከስተሃል ብዬ ነበር። መቋጫ ግን ትራሷ ላይ ቀና ብላ «ምን ይከሳል! ኮቱ ነው የሰፋው። ማነው ይሄን ጉድ የሰፋለት?» ብላ ስቃ አሳቀችኝ። ልብስ ስፌት መስመር ላይ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠች ሴት ፎቶ ስታይ መጀመሪያ የምታየው ትከሻ ነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ባለፈው ሐሙስ አለቃዬ ጠራኝ። «እትዬ፣ ታምሜያለሁ የሚለው ሰው በዛ። ሳያቋርጥ የቀረው ስንቱ ነው? ነገ ዋናው መሥሪያ ቤት ይፈልገዋል» አለኝ። እኛ ክፍል የሕመም ወረቀት በመጣ ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ይሞላል፤ ስም፣ መነሻ ቀን፣ ማብቂያ ቀን። አሥር ወረቀት ያመጣ ሰው አሥር ረድፍ አለው። ከስድስት መቶ የሚበልጥ ረድፍ ነው። ሥራዬ ቀናቸው የሚከታተል ረድፎችን አንድ ላይ መሰብሰብ ነበር።

በስም፣ ከዚያ በመነሻ ቀን ደረደርኩት። ከጎን ዓምድ ከፍቼ ፎርሙላ ጻፍኩ። ስሙ ከላይኛው ረድፍ ጋር አንድ ከሆነ፣ መነሻውም የላይኛው ባበቃ በማግስቱ ከሆነ፣ ያንኑ የቡድን ቁጥር ይሰጠዋል። ካልሆነ አዲስ ቁጥር ይጀምራል። እንዲህ ያለ ነገር ስትሠራ መልሱን አስቀድመህ በምታውቀው ሰው ላይ ትሞክረዋለህ። እኔ ደግሞ ቀኑን በልቤ የማውቀው የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ለመቋጫ ሃያ ስምንት የተለያየ ቁጥር ሰጣት። የድርጅቱ ሐኪም ወረቀቷን የሚጽፍላት ሳምንት በሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሥራ ቀን አይደለምና አያስገባውም። ስለዚህ ለሰንጠረዡ እህትህ ዓርብ ዓርብ ትድናለች፣ ሰኞ ሰኞ ትታመማለች። «ውሸታም!» አልኩት ኮምፒውተሩን፣ ጮክ ብዬ፤ አጠገቤ ያለችው ጸሐፊ ዞር አለች። ከጥር ወዲህ አንዲት ቀን እንኳ እንዳልተሻላት እኔ ነኝ የማውቀው። የሁለት ቀን ክፍተት ቢኖርም እንዲያያይዝ አድርጌ አስተካከልኩት። ሃያ ስምንቱ ረድፍ አንድ ሆነ። ከጥር 26 እስከ ነሐሴ 9፣ መቶ ዘጠና አራት ቀን።

ደስ አለኝ። አልደብቅህም፣ ልክ መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በዚያው ደስታ ፎርሙላውን እስከ መጨረሻው ረድፍ አወረድኩትና ዓርብ ጠዋት ላክሁት።

የሠራሁት ነገር የገባኝ ለምሳ ደረጃውን ስወርድ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ስድስት ወር ሳያቋርጥ የታመመ ይሰናበታል። ለተሰናበተ ሰው ደግሞ ድርጅቱ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ አይጽፍም። መቋጫ በሳምንት ሁለቴ ኩላሊቷን የምትታጠበው በዚያ ደብዳቤ ነው። ሌላ የሚቀበላት ቦታ ጠይቄ ጠይቄ አላገኘሁም። ካለሁበት ተመለስኩና አለቃዬን «ቅዳሜና እሑድን አያይዤ ነው ያሰላሁት፤ ላርመው?» አልኩት።

«ስህተት ነው?»

«ስህተት አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታርሚው?»

ሃያ ሁለት ዓመት «ቀን በቀንነቱ ይጻፍ» እያልኩ ሰው ሳስለቅስ የኖርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀዳዳ አለ። ግንቦት 4 ቀን ሰኞ እንደ ምንም ተነስታ ሥራ ገብታ ነበር፤ ታስታውስ እንደሆነ ያኔ ጽፌልሃለሁ። ሦስት ቀን ሠራች፤ ሮብ ዕለት ማሽኑ ላይ ተደፋች። የመስመሯ ኃላፊ ያጎደለችው ኮታ ማስጠንቀቂያ እንዳያስጽፍባት ብላ ሐኪሙን ለመነችው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሕመም አደረገላት። ያ ደግነት ነው ክፍተቱን የዘጋው። ሦስቱ ቀን የሥራ ቀን ሆኖ ቢቆጠር ሰንሰለቱ መሐሉ ላይ ይበጠሳል። አንዱ ዘጠና ስድስት ቀን፣ ሌላው ዘጠና ሦስት። ሁለቱም ስድስት ወር አይሞሉም።

የበሩ ዘበኛ ዛሬ ሰሌዳውን አይቶ የግንቦትን መዝገብ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «ልጄ፣ እኔ የምጠብቀው በር ነው። ይቺን ልጅ ግን በእጄ ከፍቼ አስገብቻታለሁ፤ ይኸው» አለኝ። ሦስቱም ቀን ስሟ አለ፤ በእርሳስ። የሮቡ መውጫ ባዶ ነው፤ የወጣችው ተደግፋ በጓሮ በር ነዋ።

በምሳ ሰዓት የመስመር ኃላፊዋን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ገና አፌን ሳልከፍት «ዘበኛው ነግሮኛል» አለች። «አቅርቢው፣ አልከለክልሽም። ከጠየቁኝ ግን እኔ አላስጻፍኩም ነው የምለው። ሦስት ልጅ አለኝ፣ እትዬ።» ሐኪሙም ለሠራ ሰው የሕመም ወረቀት ጻፈ ተብሎ ይጠየቃል። ያም ሆኖ ስንብቱን የሚወስነው ኮሚቴ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ትቶ የዘበኛ እርሳስ ያምናል ብዬ አላስብም። ቢያምንም ሕመሙ ባለበት ነው፤ በጥቂት ወር ቁጥሩ እንደገና ይሞላል።

ከሥራ ስመለስ ለመቋጫ ነገርኳት። «በሕይወቴ ሳላቋርጥ የያዝኩት ሥራ ቢኖር ይሄ ሕመም ነበር፤ በእሱም አባረሩኝ?» አለች። ቀልዷን ታውቀዋለህ። ስለ መዝገቡ ስነግራት ግን አልሳቀችም። «ተይው እቴ። ለእኔ ብላ በገባችበት ጉድጓድ አፈር ልመልስባት?»

ዝርዝሩን ማን እንደሠራው አልጠየቀችኝም። ሰንጠረዥ የሚሠራው ማን እንደሆነ ግን ታውቃለች። እራቷን ሳቀርብላት እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ሐኪሙንም ወደ ማታ በስልክ አግኝቼው ነበር። ለራሱ ይፈራል ብዬ ስጠብቅ ስለ ራሱ አንድም ቃል አልተናገረም። «ደብዳቤው ኖረም አልኖረም፣ ወንድማችሁ የሚመጣበት መንገድ ካለ ቢመጣ ደስ ይላታል» አለኝና ሌላ በሽተኛ እየጠበቀው እንደሆነ ነገረኝ።

መቋጫ ኮት ልትሰፋልህ ጀምራለች። ጨርቁን ቆርጣለች፤ ትከሻህን ከፎቶው ገምታ ነው። «ሲመጣ እለካዋለሁ» ትል ነበር። ዛሬ ግን «ለክቶ ይጻፍልኝ፣ ቶሎ» ብላለች። ከአንዱ ትከሻ ጫፍ እስከ ሌላው፣ ከአንገት እስከ ወገብ። እባክህ ዛሬ ነገ አትበል።

ከውሃ ይጠብቅህ። አብረውህ ያሉትን ክፉ አይንካቸው። እግርህ መሬት የሚረግጥበትን ቀን ፈጣሪ ያቅርበው፤ ደጃችንን ሳንዘጋ ያድርስህ።

ይህ እጅህ ሲገባ ሁሉም ነገር ያለቀ ይሆናል። ኮሚቴው ከነገ ወዲያ ሐሙስ፣ ነሐሴ 15 ቀን፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይሰበሰባል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። መዝገቡ ከነጋዜጣው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ላውጣው አላውጣው አልወሰንኩም።

እህትህ